የኮረብታው ባለቤት
በአምስት ሳምንት የቀረበ እውነተኛ ተከታታይ ታሪክ

ክፍል 1፦ ድንጋዩ

በዋሽንግተን ዲሲ፣ ከኋይት ሐውስ ፊት ተነስቶ አሥራ ስድስተኛውን መንገድ ይዞ ቀጥ ብሎ ወደ ሰሜን የሚሄድ ሰው ሁለት ተኩል ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ዳገት ይጀምረዋል። በስተቀኙ ረጅም ግንብ ይታየዋል። በግንቡ በር ገብቶ ደረጃውን ሲወጣ ሰፊ የሣር ሜዳ ይቀበለዋል፤ ወደ ደቡብ ሲዞር ደግሞ ውሃ በ13 ገንዳዎች እየተቀባበለ ቁልቁል የሚወርድበትን ፏፏቴ ያያል። ቀኑ እሑድ፣ ሰዓቱ ከሰዓት በኋላ ከሆነ የከበሮ ድምፅ ከሩቅ ይጠራዋል።

ይህ 5 ሄክታር ያህል ስፋት ያለው መናፈሻ ሁለት ስም አለው። የመንግሥት ካርታ ሜሪዲያን ሂል ይለዋል። ሰፈርተኛው ማልኮልም ኤክስ ፓርክ ይለዋል። አንድ መናፈሻ ለምን ሁለት ስም ያዘ? የዚህ ታሪክ ጉዳይ ይኸው ነው። ለእኛም ሩቅ አይደለም። ብዙ ኢትዮጵያውያን ስደተኞች የመጀመሪያ ሥራቸውን ያገኙባቸው አዳምስ ሞርጋንና ዩ ስትሪት ከመናፈሻው በእግር ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይርቃሉ።

ታሪኩ የሚጀምረው ከአንድ ድንጋይ ነው። ዘመኑ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር 1804 ነው፤ ከዚህ በኋላ የሚነሱት ዓመታትም ሁሉ በዚያው አቆጣጠር ናቸው። አሜሪካ ከእንግሊዝ ነፃ ከወጣች ገና ሠላሳ ዓመት አልሞላትም። ባንዲራዋን ቀይራለች፣ ሕገ መንግሥቷን ጽፋለች፤ የመርከበኞቿ ካርታ ግን አሁንም ዜሮ ኬንትሮስን የሚቆጥረው ከለንደን፣ ከግሪንዊች ነው። ይህ ፕሬዚዳንት ቶማስ ጀፈርሰንን አላስደሰተም። የራሷ ዋና ከተማ ያላት አገር የራሷ ዜሮ መስመር ሊኖራት ይገባል አሉ። መስመሩ በፕሬዚዳንቱ መኖሪያ መካከል እንዲያልፍ ተወሰነ፤ ቀያሾችም ወደ ሰሜን እየለኩ ሄደው ኮረብታው ላይ የምልክት ድንጋይ ተከሉ።

ያ መስመር የዓለም ዜሮ አልሆነም። ከ80 ዓመት በኋላ፣ በ1884፣ የብዙ አገሮች ልዑካን በዚያችው በዋሽንግተን ተሰብስበው ግሪንዊችን መረጡ። ኮረብታው ግን ስሙን ከመስመሩ፣ ከኬንትሮሱ (ሜሪዲያን)፣ ወስዶ ቀረ። ስሙን ያጸናለትም ዴቪድ ፖርተር የተባለ የባሕር ኃይል አዛዥ ነው። ፖርተር በ1812ቱ ጦርነት ኤሴክስ የተባለችውን የጦር መርከብ እየመራ ፓስፊክ ድረስ ዘልቆ ዝና ያተረፈ ሰው ነበር። በ1816 በዚህ ኮረብታ ዙሪያ 45 ሄክታር ያህል መሬት ገዛ፤ በ1819 ትልቅ ቤት ሠራ፤ ግቢውንም ሜሪዲያን ሂል አለው።

ክብሩ አልዘለቀም። በ1825 በጦር ፍርድ ቤት ተከሶ ተፈረደበት፤ በዓመቱም አገሩን ትቶ የሜክሲኮን ባሕር ኃይል ሊመራ ሄደ። ቤቱ ተከራይ መጣለት፤ ተከራዩም ተራ ሰው አልነበረም። በ1828ቱ ምርጫ በአንድሪው ጃክሰን የተሸነፉት ፕሬዚዳንት ጆን ኩዊንሲ አዳምስ የተፎካካሪያቸውን በዓለ ሲመት ላለማየት በዋዜማው፣ መጋቢት 3 ቀን 1829፣ ከኋይት ሐውስ ወጥተው ወደዚህ ቤት ገቡ። አገር የመሩ ሰው ሽንፈታቸውን ያሳለፉት እዚህ ኮረብታ ላይ ነው።

እስካሁን በኮረብታው ታሪክ ስማቸው የተጻፈው ባለሥልጣናትና ባለሀብቶች ብቻ ናቸው። በ1861 የእርስ በርስ ጦርነቱ ሲፈነዳ የሰሜኑ ወታደሮች መጥተው ድንኳናቸውን ተከሉበት። በሚያዝያ 1862 በዋሽንግተን ባርነት በሕግ ቀረ። ከደቡቡ እርሻ ያመለጡ በሺህ የሚቆጠሩ ጥቁሮችም ልጆቻቸውን አዝለው ወደ ከተማዋ ጎረፉ። ጦርነቱ አልቆ ወታደሮቹ ድንኳናቸውን ሲነቅሉ ወደ ኮረብታው የመጡት አዲስ ሰዎች ጠመንጃ አልያዙም።

የያዙት ምን ነበር?

*ይቀጥላል*

ክፍል 2፦ የተማሪዎቹ ኮረብታ

ባለፈው ሳምንት ጦርነቱ አብቅቶ አዲስ ሰዎች ወደ ኮረብታው ሲመጡ ነበር ያቆምነው። የያዙት መጽሐፍ ነበር።

በ1865 የባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ሰዎች ከባርነት ለወጡ ጥቁሮች ዌይላንድ ሴሚናሪ የተባለ ትምህርት ቤት አቋቋሙ፤ ትምህርት ቤቱም ኋላ በሜሪዲያን ሂል ተተከለ። የነገሩን ክብደት ለመረዳት የባርነቱን ዘመን ሕግ ማስታወስ ይበቃል። በብዙዎቹ የደቡብ ግዛቶች ባሪያን ፊደል ማስቆጠር ያስቀጣ ነበር። ትናንት ማንበብ የተከለከለ ሰው ዛሬ ኮረብታ ላይ ተቀምጦ ቅዱሳት መጻሕፍትን እያነበበ ሰባኪና መምህር ለመሆን ይማር ጀመር።

ከዌይላንድ ተማሪዎች መካከል ሁለቱን እናንሳ። አንደኛው ቡከር ቲ. ዋሽንግተን ነው። በባርነት የተወለደው ይህ ሰው ከ1878 እስከ 1879 እዚህ ተማረ፤ ጥቂት ዓመታት ቆይቶም በአላባማ ቱስኪጊ የተባለውን ስመ ጥር ተቋም መራ። ሁለተኛው በቨርጂኒያ የተወለደ ጎልማሳ ነው፤ በ1892 ከዌይላንድ ተመረቀ። ስሙ አዳም ክሌይተን ፓወል ይባላል። ይህን ስም ያዙልን፤ በመጨረሻው ክፍል ያስፈልገናል።

ትምህርት ቤቱ ብቻውን አልቆመም። የፖርተር ሰፊ ግቢ በ1867 ተሸንሽኖ ለቤት መሥሪያ መሸጥ ጀምሮ ነበር። ከተማዋ ያን ጊዜ የምታበቃው ከኮረብታው ግርጌ ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው እንደ ገጠር ይቆጠር ስለ ነበር መሬቱም ኪራዩም ርካሽ ነበር። ጥቁር ቤተሰቦች መጥተው ትንንሽ የእንጨት ቤቶች ውስጥ ሰፈሩ። ከአንድ ትውልድ በላይ እዚያ ኖሩ፤ ወለዱ፣ ዳሩ፣ ቀበሩ። ኮረብታው ሰፈር ሆነ።

ድሃ በሚኖርበት ኮረብታ ላይ ሀብታም ዓይኑን የሚጥለው ከዚያ ከተማዋ ስትታይ ውብ በሆነች ጊዜ ነው። ከሜሪዲያን ሂል አናት ወደ ደቡብ የተመለከተ ሰው ኋይት ሐውስንና ፖቶማክን ጨምሮ መላ ዋሽንግተንን ከእግሩ በታች ያይ ነበር። በ1888 ከአሥራ ስድስተኛው መንገድ ማዶ፣ ከኮረብታው ፊት ለፊት፣ ከቀይ ድንጋይ የተገነባ፣ ግንብና ማማ ያለው እንደ ጥንት የአውሮፓ መሳፍንት መኖሪያ ያለ ቤት ተሠራ። ሰዉ የሄንደርሰን ካስል አለው።

የቤቱ ባለቤት ጆን ሄንደርሰን የሚዙሪ ሴኔተር የነበሩ ሰው ናቸው። ታሪክ የሚያስታውሳቸው በአንድ ታላቅ ሥራ ነው። በጥር 1864 ባርነትን ከመላ አሜሪካ የሚያጠፋውን የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ሐሳብ ለሴኔቱ ያቀረቡት እሳቸው ናቸው። አሥራ ሦስተኛው ማሻሻያ ተብሎ ከጸደቀው ሕግ ጀርባ የእሳቸው እጅ አለበት። ከመንገዱ ማዶ በእንጨት ቤት የሚኖሩት ቤተሰቦች ነፃነታቸውን በከፊል ከእሳቸው ብዕር አግኝተዋል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ስለ ኮረብታው የወሰኑት ግን ሴኔተሩ አይደሉም። ባለቤታቸው ሜሪ ፉት ሄንደርሰን ናቸው። ሜሪ የተማሩ፣ የማይበገሩ፣ አልኮልና ሥጋ የማይቀምሱ፣ ስለ ጤና መጽሐፍ የጻፉ ሴት ነበሩ። በቤታቸው ዙሪያ ያለውን መሬት ቁራሽ በቁራሽ እየገዙ ያከማቹ ጀመር። ብዙ ሰው ለኪራይ ቤት ሊሠሩበት መስሎት ነበር።

ሜሪ ያሰቡት ግን ከዚያ እጅግ ይበልጥ ነበር፤ የአሜሪካን ፕሬዚዳንት ቤት ከነበረበት ነቅለው ወደ ኮረብታቸው ማምጣት ፈልገዋል።

*ይቀጥላል*

ክፍል 3፦ የሜሪ ሄንደርሰን እቅድ

ባለፈው ሳምንት ሜሪ ሄንደርሰን ኋይት ሐውስን ወደ ሜሪዲያን ሂል ለማምጣት እንደ ተነሱ ነበር የተለያየነው። ነገሩ የምር ነው። በ1898 የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍትን ሕንጻ ከነደፉት አርክቴክቶች አንዱን፣ ፖል ፔልዝን፣ ቀጥረው በኮረብታው አናት ላይ የሚቆም አዲስ የፕሬዚዳንት ቤተ መንግሥት አስነደፉ። ንድፉን ይዘው ባለሥልጣናትን ወተወቱ። ኮንግረስ አልተቀበላቸውም።

ሜሪ እምቢታን የሚቀበሉ ሰው አልነበሩም። ለአብርሃም ሊንከን ታላቅ መታሰቢያ ሊሠራ ነው ሲባል ቦታው የእኔ ኮረብታ ይሁን ብለው ተሟገቱ። መታሰቢያው በፖቶማክ ወንዝ ዳር ተሠራ። በ1913 አሥራ ስድስተኛው መንገድ የፕሬዚዳንቶች ጎዳና ተብሎ እንዲጠራ አስደረጉ፤ ዓመት ያህል ቆይቶ የቀድሞ ቁጥሩ ተመለሰ። በመንገዱ ግራና ቀኝ ግን ከአርክቴክቱ ጆርጅ ቶተን ጋር እየሆኑ ያማሩ ቤቶችን ገንብተው ለኤምባሲዎች ሸጡ፤ አከራዩም። ዛሬም ከእነዚያ ቤቶች ብዙዎቹ አሥራ ስድስተኛውን መንገድ ያስጌጣሉ።

ከእቅዶቻቸው ሁሉ ትልቁ የተሳካላቸው መናፈሻው ነው። ሰኔ 25 ቀን 1910 ኮንግረስ የሜሪዲያን ሂልን መሬት ለሕዝብ መናፈሻ እንዲገዛ የሚፈቅደውን ሕግ አወጣ። ለከተማዋ መልካም ዜና ነበር። ከተማዋ እየሰፋች ወደ ሰሜን ሄዳለች፤ ሕዝቡ የሚናፈስበት ቦታ ያስፈልገዋል። የሜሪን ትጋት ማመስገን ተገቢ ነው፤ እሳቸው ባይኖሩ ዛሬ በዚያ ኮረብታ የምናየው ፎቅ በፎቅ ሊሆን ይችል ነበር።

ነገር ግን መሬቱ ባዶ አልነበረም። የእንጨት ቤቶቹ ቆመዋል፤ ጭስ ይወጣባቸዋል፤ በግቢያቸው ልብስ ተሰጥቷል። ዌይላንድ ሴሚናሪ በ1899 ከሪችመንድ ትምህርት ቤት ጋር ተዋህዶ ወደ ቨርጂኒያ ሄዷል፤ ነዋሪዎቹ ግን አሉ። ሕጉ ከወጣ በኋላ ጥቁሮቹ ቤተሰቦች ለቅቀው እንዲወጡ ተደረገ። ቤቶቹ ፈረሱ። የሰፈሩ መንገድና አጥር፣ የጓሮው ዛፍና የደጁ ደረጃ ሁሉ ተጠርጎ መሬቱ ለግንባታ ተስተካከለ።

እዚህ ላይ አንባቢ ቆም ብሎ ያስብ። ባል ባርነትን የሚያጠፋ ሕግ ጻፉ፤ ሚስት በታገሉለት መናፈሻ ምክንያት ከባርነት የወጡ ሰዎችና ልጆቻቸው ከቤታቸው ወጡ። ሁለቱም በአንድ ጣሪያ ሥር ኖረዋል፤ ሁለቱም ለአገር መልካም እንዳደረጉ ያምኑ ነበር። ነፃነት በሕግ የታወጀለት ሰው ነፃነቱን የሚያሳርፍበት መሬት ከሌለው ሕጉ ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራል። በመናፈሻው ውስጥ ለገጣሚ፣ ለቅድስት፣ ለፕሬዚዳንት ሐውልት ቆሟል፤ ከዚያ ለተነሡት ቤተሰቦች ግን አልቆመም።

በ1914 የመናፈሻው ንድፍ ተዘጋጀ። የንድፉ ኃላፊ ጆርጅ በርናፕና ረዳታቸው ሆራስ ፒዝሊ የኢጣሊያን መኳንንት የአትክልት ስፍራዎች ተመልክተው ነበርና ያሰቡት ሮማንና ፍሎረንስን ነው፤ ዳገቱን በደረጃ የሚከፍል ግንብ፣ ምንጭ፣ ፏፏቴ፣ ሐውልት። ንድፉ ድንቅ ነበር፤ የሚሠራው ግን በጥርብ ድንጋይ ከሆነ ኮንግረስ የሚሰጠው ገንዘብ አይበቃም። ርካሹ አርማታ ነበር፤ በዚያ ዘመን ግን አርማታ ግራጫ፣ ሻካራና ለማየት የማያምር የመጋዘን መሥሪያ ነው። ሮማን በአርማታ ማን ይሠራታል?

ኮረብታው ራቁቱን ቀረ። ሰዎቹ ተነሥተዋል፤ መናፈሻው አልተሠራም። መፍትሔውን ያገኘው አንድ የእጅ ባለሙያ ነው፤ መሣሪያው ደግሞ የሽቦ ብሩሽ ነበር።

*ይቀጥላል*

ክፍል 4፦ ጠጠርና እሳት

ባለሙያው ጆን ጆሴፍ ኧርሊ ይባላል፤ ከአባቱ የወረሰውን የልስንና የቅርጻ ቅርጽ ሥራ በዋሽንግተን ያካሂድ ነበር። ዘዴው ሲያዩት ቀላል ነው፤ ለማግኘት ግን ተደጋጋሚ ሙከራ ጠይቋል። ለአርማታው የሚገባውን ጠጠር በመጠንና በቀለም እየመረጠ ያዘጋጃል። አርማታው ተሞልቶ ገና ጨርሶ ሳይደርቅ ዙሪያውን የያዘውን እንጨት ያነሣል፤ ከዚያ ላዩን በሽቦ ብሩሽ ይፈገፍጋል። ግራጫው ሲሚንቶ ይነሣና ጠጠሩ ይገለጣል፤ ግድግዳው ከወንዝ ዳር እንደ ተለቀመ ድንጋይ ይሞቃል፣ ይብለጨለጫል። ሰው የናቀውን አርማታ ኧርሊ ጌጥ አደረገው። ሜሪዲያን ሂል በአሜሪካ የዚህ ጥበብ መማሪያ ሆነ፤ ኧርሊም በኋላ በቺካጎ አቅራቢያ ዊልሜት ላለው የባሃኢ ቤተ መቅደስ ጌጥ ይህንኑ ሙያ ተጠቀመበት።

ሥራው ረጅም ጊዜ ወሰደ። በ1917 በርናፕ ሲወጡ ፒዝሊ ተረከቡ። ገንዘቡ በየዓመቱ ጥቂት በጥቂት ስለሚፈቀድ፣ በመሐልም የአንደኛው የዓለም ጦርነት ስለ ገባ፣ መናፈሻው ያለቀው በ1936 ነው። ሐውልቶቹ ግን ቀድመው ገቡ። በ1921፣ ዳንቴ ከሞተ 600 ዓመት ሲሞላው፣ የኢጣሊያ ተወላጆች የባለቅኔውን ሐውልት አቆሙ። በ1922 በኒውዮርክ የሚኖሩ ፈረንሳውያን ሴቶች ፈረስ ላይ የተቀመጠችውን የቅድስት ጃን ዳርክን ሐውልት ለአሜሪካ ሴቶች ሰጡ። በዋሽንግተን ፈረስ ላይ ያለች ብቸኛዋ ሴት ሐውልት እሷ ናት። ሰይፏ ከአንድ ጊዜ በላይ ተሰርቆባታል፤ እሷ ግን እንደ ተነሳች አለች።

በ1930 የገባው ሐውልት ጠብ ነበረበት። የጄምስ ቡካነን ነው። ቡካነን ከሊንከን በፊት የነበሩት ፕሬዚዳንት ናቸው፤ የደቡብ ግዛቶች ባርነትን ይዘው ሲገነጠሉ እጃቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ ተብለው ይወቀሳሉ። የእህታቸው ልጅ ለመታሰቢያቸው ገንዘብ ተናዛ ሞተች፤ ኮንግረስ ውስጥ ግን ይህ ሰው ምን ሠርቶ ነው ሐውልት የሚቆምለት የሚል ክርክር ተነሣ። በ1918 ተፈቀደ። ከባርነት የወጡ ሰዎች በተነሡበት መሬት ላይ፣ ባርነትን ለመግታት እጃቸውን ያላነሡት ፕሬዚዳንት በነሐስ ተቀመጡ።

ሜሪ ሄንደርሰን መናፈሻው ሲያልቅ አላዩም፤ በ1931 አረፉ። ካስላቸውም በ1949 ፈረሰ። የኮረብታውን ነዋሪዎች ያስነሣው ሐሳብ የፈለቀበት ቤት ራሱ ተነሣ፤ ዛሬ ከመንገዱ ዳር የቀረው የአጥሩ ግንብ ነው።

ከዚያ ወዲህ ያልታሰበ ነገር ሆነ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነጮቹ ቤተሰቦች ከከተማዋ ወደ ዳር ዳር ሰፈሮች ወጡ። በመናፈሻው ግርጌ ያለው ዩ ስትሪት ቀድሞም የጥቁር አሜሪካውያን የንግድ፣ የቲያትርና የሙዚቃ ማዕከል ነበር፤ ሙዚቀኛው ዱክ ኤሊንግተን ያደገው በዚያ አካባቢ ነው። አሁን የኮረብታው ዙሪያ በአብዛኛው የጥቁሮች መኖሪያ ሆነ። ተባርረው የወጡት ሰዎች ወገኖች ተመልሰው በግንቡ በር ገቡ፤ በሣሩ ላይ ተቀመጡ፣ ልጆቻቸውን በውሃው ዳር አጫወቱ። ከ1960ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ደግሞ እሑድ እሑድ ከበሮ ይዘው መጡ።

ሚያዝያ 4 ቀን 1968 ማታ ከሜምፊስ መርዶ መጣ፤ ማርቲን ሉተር ኪንግ ተገድሏል። ሕዝቡ በአሥራ አራተኛውና በዩ መንገዶች መገናኛ ተሰበሰበ። ከመናፈሻው ጥቂት ብሎክ ብቻ ነው። መጀመሪያ ሱቆች ይዘጉ ተባለ፤ ከዚያ መስታወት ተሰበረ፤ ከዚያ እሳት ተነሣ። ለቀናት ዋሽንግተን ጨሰች፤ ወታደር ገባ፤ አሥራ አራተኛው መንገድ አመድ ሆነ።

እሳቱ ሲበርድ በኮረብታው ላይ አንድ ጥያቄ ቀረ። ይህ መናፈሻ የእኛ ከሆነ ለምን በእኛ ስም አይጠራም? ጥያቄውን ለኮንግረስ ያቀረበው ሰው ስሙ በክፍል ሁለት ያዙልን ያልነው ስም ነው።

*ይቀጥላል*

ክፍል 5፦ ሁለቱ ስሞች

የጥቁር አሜሪካውያን መብት ታጋዩ ማልኮልም ኤክስ በየካቲት 1965 በኒውዮርክ ተገደለ። በ1969 ታጋይዋ አንጀላ ዴቪስ በዚህ መናፈሻ ለተሰበሰበ ሕዝብ ንግግር ስታደርግ ቦታው በማልኮልም ስም ይጠራ ማለቷ ይነገራል። ሕዝቡ ፈቃድ አልጠበቀም፤ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ማልኮልም ኤክስ ፓርክ አለው።

በ1970 ስሙ በሕግ እንዲጸድቅ ረቂቅ ያቀረቡት የሐርለሙ ተወካይ አዳም ክሌይተን ፓወል ናቸው። በዚህ ኮረብታ ላይ በዌይላንድ ሴሚናሪ ተምሮ በ1892 የተመረቀው ሰው የእሳቸው አባት ነው። አባትና ልጅ አንድ ስም ይጋራሉ። አባት በተማረበት ኮረብታ ላይ ትምህርት ቤቱም ሰፈሩም ጠፍቶ ልጅ መጥቶ ስም ጠየቀ።

ለእኛ ደግሞ ከዚህ የሚቀርብ ነገር አለ። ሁለቱም ፓወሎች በየተራ ያገለገሉት በሐርለም ባለችው በአቢሲኒያን ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ነው። ይህች ቤተ ክርስቲያን በ1808 የተመሠረተችው በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተለይተው እንዲቀመጡ መደረጉን እምቢ ባሉ ጥቁር ምእመናን ነው፤ ስሟንም ከአገራችን ጥንታዊ ስም ወሰደች። አፄ ኃይለ ሥላሴ በ1954 አሜሪካን ሲጎበኙ ለልጅየው ፓወል የኢትዮጵያ መስቀል አበርክተዋል፤ መስቀሉም የቤተ ክርስቲያኗ ምልክት ሆኗል። ለሜሪዲያን ሂል አዲስ ስም የጠየቁት ሰው ከኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት እጅ መስቀል የተቀበሉ ነበሩ።

ረቂቁ አልጸደቀም። በመንግሥት መዝገብ ቦታው ሜሪዲያን ሂል ሆኖ ቀረ። በሰፈሩ አፍ ግን ማልኮልም ኤክስ ሆኖ ቀረ። አባቶቻችን ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይላሉ፤ ይህኛው ስም ከሕግም በላይ ዋለ።

ስም ብቻውን ግን መናፈሻ አይጠብቅም። በ1980ዎቹ ክራክ የተባለው የኮኬይን ዓይነት ዋሽንግተንን ሲያጥለቀልቅ ኮረብታው የዕፅ ገበያ ሆነ። ፏፏቴው ደረቀ፣ መብራቱ ጠፋ፣ እናቶች ልጆቻቸውን በአጥሩ ዳር ማሳለፍ ፈሩ። በ1990 መጀመሪያ አንድ የሰፈሩ ወጣት በመናፈሻው አቅራቢያ ተገደለ። ያኔ ጎረቤቶች ተነሡ። የሜሪዲያን ሂል ወዳጆች የሚል ማኅበር አቋቋሙ፤ ከመሪዎቹ አንዷ የባሪያ የልጅ ልጅ፣ የድሃ ጭሰኞች ልጅ የሆኑት ጆሴፊን በትለር ነበሩ።

ያደረጉት ነገር ገንዘብ አይጠይቅም፤ ድፍረት ይጠይቃል። ሲመሽ በቡድን እየሆኑ በመናፈሻው ይመላለሱ ጀመር። ጥቁሩ፣ ነጩ፣ ከላቲን አሜሪካ የመጣው፣ ሽማግሌውና ተማሪው አብሮ ይሄዳል። ቆሻሻ ጠረጉ፣ አበባ ተከሉ፣ የሙዚቃ ዝግጅት አሰናዱ፣ መንግሥትን መብራቱን አብራ ብለው ወተወቱ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ሆነና ወንጀሉ እየራቀ ሄደ፣ ውሃው እንደ ገና ፈሰሰ። በ1994 ፕሬዚዳንት ክሊንተን የምድር ቀንን ምክንያት አድርገው በዚያው መናፈሻ ንግግር አደረጉ፤ በዚያው ዓመት ቦታው ብሔራዊ ታሪካዊ ቅርስ ተባለ። ወይዘሮ ጆሴፊን በ1997 ሲያርፉ ከመናፈሻው ማዶ ያለው የማኅበሩ ሕንጻ በስማቸው ተጠራ።

የእኛ ሰዎች የገቡት በዚህ ዘመን መካከል ነው። ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ከአብዮቱ የሸሹ ኢትዮጵያውያን በአዳምስ ሞርጋን ምግብ ቤት ከፈቱ፤ ኋላም ወደ ዩ ስትሪትና ወደ ዘጠነኛው መንገድ ወረዱ። በ1968 ተቃጥሎ ለዓመታት በተዘጋ ሰፈር ጀበና ጣዱ፣ እንጀራ አቀረቡ፣ መብራት አበሩ። በ2005 ገደማ ነጋዴዎቹ ዘጠነኛው መንገድ ሊትል ኢትዮጵያ ተብሎ ይሰየም ሲሉ ከነባር ጥቁር አሜሪካውያን ነዋሪዎች ተቃውሞ ገጠማቸው። ብዙዎቻችን ተቀየምን። ይህን ተከታታይ እስከዚህ ያነበበ ሰው ግን ተቃውሞው ከምን እንደ መጣ ይረዳል። ከኮረብታው የተነሡ ሰዎች፣ ስም ጠይቀው በሕግ ያልጸደቀላቸው ሰዎች፣ በእሳትና በዕፅ ዘመን ሰፈራቸውን ሳይለቁ የጠበቁ ሰዎች፣ የቀራቸውን ስም እንዳያጡ ፈርተው ነው። የእኛም ድካም እውነት ነው፤ የእነሱም ፍርሃት እውነት ነው። ከዚያ ወዲህ ኪራዩ ንሮ ብዙ ጥቁር አሜሪካዊና ብዙ ኢትዮጵያዊ በአንድነት ወደ ሜሪላንድና ወደ ቨርጂኒያ ገፍቷል።

እንግዲህ የኮረብታው ባለቤት ማነው? ጀፈርሰን ድንጋይ አስተከሉ፤ ፖርተር ገዛው፤ ሜሪ ሄንደርሰን አሳጠሩት፤ መንግሥት ካርታ ላይ ጻፈው። ሁሉም አለፉ። ቦታውን የያዘው እሑድ ከበሮ ይዞ የሚመጣውና ሲመሽ ከጎረቤቱ ጋር የሚጠብቀው ሰው ነው። የዚህ ጸሐፊ ፍርድ ይህ ነው፤ መናፈሻ የሚኖሩበትና የሚጠብቁት ሰዎች ነው፤ ያስነሣቸውን ሰዎች ታሪክ ካልነገረ ግን ውበቱ ጎደሎ ነው።

በዋሽንግተንና በአካባቢው የምትኖሩ አንባቢዎቻችን ሆይ፣ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ። የኧርሊን ጠጠር በእጃቸው ይዳስሱ፣ ከበሮውን ይስሙ፤ ከግንቡ በፊት የማን ቤት እንደ ነበር፣ ፓወሎቹ እነማን እንደ ነበሩ ንገሯቸው። ስለ ሰፈሩ ስብሰባ ሲጠራ ከነባሮቹ ጎን ተቀመጡ። አዲስ አበባም ሆነ ሌላ ከተማ ያላችሁ ደግሞ በሰፈራችሁ መናፈሻ ሲሠራ ደስ ይበላችሁ፤ በዚያው ቀን ግን እዚያ ይኖሩ የነበሩት ሰዎች የት ደረሱ ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱ ካልተነገራችሁም ደግማችሁ ጠይቁ።

*ተፈጸመ*